ሩቂያ ለሁሉም ስም ነበራት

ሩቂያ መሞቷን የነገረችኝ እዚህ መካ፣ ነካሳ ሰፈር ያለችው ጎረቤቴ ናት። ከታች ጀምራ «ዘሀራ፣ ዘሀራ» እያለች ዳገቱን ወጣች። በሬ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ አልቆ ነበር።

«ሐጃ ሩቂያ ወደ አኼራ ሄደች» አለችኝ። «ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ሐረም መስጊድ ይሰገድባታል። ዕድሏን አየሽው?»

ምስር እየለቀምኩ ነበር። መልቀሜን አላቆምኩም።

ስንቱ ደግ ሰው በሰው አገር ሬሳ ማቆያ ውስጥ ወር ሙሉ እየተኛ፣ እሷ በሞተች በሰዓታት ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ሰገደባት። ሰጋጁ ማን እንደሆነች አያውቅም። ኢማሙም አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ስለ ሞተ ሰው ክፉ አይወራም ይላሉ። እኔም ክፉ አላወራም፤ የሠራችውን ነው የማወራው።

እኔ ሳውቃት የምትኖረው ጅዳ፣ ሸረፊያ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ከአንድ የሻንጣ ሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ። ሦስት ክፍል፣ አንድ መታጠቢያ፣ በብረት የታጠረ መስኮት። ከከፊላቸው፣ ማለት ከስፖንሰር አሠሪያቸው ቤት የጠፉ፣ ማዳማቸው ያባረረቻቸው፣ ኮንትራታቸው ያለቀ የአገራችን ሴቶች እሷ ጋ ይመጣሉ፤ እሷ ሌላ ቤት ታስገባቸዋለች። ደላላ ነበረች። ደላላ ሲሏት ግን አትወድም። «እኔ አገናኝ ነኝ» ትላለች።

አንድ ማዳም ሠራተኛ ፈልጋ ስትደውል ሩቂያ በትዕግሥት ታዳምጣለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ መስታወቱን በዐባያዋ ጫፍ ትወለውላለች፣ ከንፈሯን በምላሷ ታርሳለች። ከዚያ ጅዳ ውስጥ ላሉት ልጆች ሁሉ በድምፅ መልእክት ታስተላልፋለች። ቤት ውስጥ ለተቀመጡት ደግሞ ያንኑ ጮክ አድርጋ ታሰማቸዋለች። ድምፅዋ ያምር ነበር፤ ሬዲዮ ላይ የምትሠራ ነው የምትመስለው።

የአራት ፎቅ ደረጃ በየቀኑ የምታጥበዋ «የግቢ ተቆጣጣሪ» ነበረች። ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዛ የምትቆመዋ «የልብስ ባለሙያ»። ከከተማ ዳር ባለ የሀብታም ማረፊያ ፍየል እንድትጠብቅ የተላከችዋ ደግሞ «የመዝናኛ ቦታ አስተናጋጅ»። አንዷ «የወጥ ቤት ኃላፊ» ተብላ ሄደች፤ ብዙ ሰው የሚበላበት ቤት ኖሮ ብቻዋን ስትቀቅል ከርማ ክንዷ ተልጦ ተመለሰች።

«ሐጃ፣ ኃላፊ ነሽ አላሉኝም ነበር?» አለቻት።

ሩቂያ ቃጠሎውን አገላብጣ አየችው። «ኃላፊ ነሽ አልኩ እንጂ ሥርሽ ሰው አለ አልኩ?»

ልጆቹ ሳቁ። የተቃጠለችውም ሳቀች። ሩቂያ እንዲህ ነበረች፤ ከነቁስልሽ ታስቅሻለች።

ለማዳሞቹ በዐረብኛ የምትልከው ሌላ ነው። «ጠንካራ ናት። አትታመምም። የሚጠይቅላት ዘመድ የላትም።» ሁለቱንም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። ዐረብኛ እንደምችል ታውቃለች፤ አታፍርም።

«ሙሽራን በሰርጓ ቀን ነገ ሽንኩርት ትልጫለሽ የሚላት አለ?» ትለኛለች። «ስም የሌለው ሥራ ሰው አይጠጋውም፣ ዘሀራ።»

ትመታም ነበር። ይህን ለቅሶ ቤት ማንም አላነሳውም አሉ። የምትመታው በቻርጀር ገመድ፣ በላስቲክ ጫማ፣ በማማሰያ፣ ብቻ በዚያ ሰዓት እጇ ላይ በተገኘው ነው። ስትመታ ፊቷ አይለወጥም። ምንጣፍ የምታራግፍ ነው የምትመስለው። ስትጨርስ ራሷ ቅባት ታመጣና የመታችውን ቦታ እያሸች ስም ታወጣለታለች።

«ይቺ የደረጃ ናት» ትላለች። «ይቺ የቁም ሳጥን ናት። ይቺን ደግሞ ዘይት ፈናጠቀብኝ በያት።»

አዲሷ ማዳም ስትጠይቅ ልጅቷ ያንኑ እንድትመልስ ነው። ልጅቷ አጥርታ እስክትለው ድረስ ታስደግማታለች።

የሷን ጀግንነት የሚያወሩም አሉ፤ እሱም እውነት ነው። አንድ ቀን አንድ ከፊል የጠፋችበትን ሠራተኛ ፍለጋ መጥቶ በሩን በእግሩ ይመታ ጀመር። ልጅቷ ከአልጋ ሥር ገባች። ሩቂያ ጫማዋን አውልቃ በሩን ከፈተችው፤ ሰውየው ቃል ሳይተነፍስ አፍንጫው ላይ አሳረፈችበት። ደሙ ነጭ ጀለቢያው ላይ ፈሰሰ። በደረጃው እየተከተለች ማጅራቱን እየመታች እስከ ሻንጣ ሱቁ ድረስ አወረደችው። ልጆቹ እልል አሉ። በማግሥቱ ያችኑ ልጅ «የቤት ውስጥ አትክልተኛ» ብላ ላከቻት። እዚያ ቤት አትክልት አልነበረም። አባወራው ነው የነበረው። ልጅቷ የተመለሰችው በሳምንቷ ነው፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ ማንንም ሳታናግር።

እኔን የወሰደችኝ ጉልበቴ ከተበላሸ በኋላ ነው። ዕድሜዬን በሰው ቤት ጨርሼ ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ ማዳሜ አሰናበተችኝ።

«ለሥራ አትሆኚም» አለችኝ ሩቂያ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አይታ። «እናት ትሆኛለሽ።»

«የማን እናት?»

«የቤቱ። እነዚህ ልጆች እናት ያስፈልጋቸዋል።»

ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ወልጄ አላውቅም። በዚያው ቀን የበሩን ቁልፍ በገመድ አሥራ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። እናትነቴ ይህ ነበር፤ የመጡትን ልጆች ስልክ እቀበላለሁ፣ በሩን እቆልፋለሁ፣ እሷ ካላለች አልከፍትም። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ «እንዳይጠፋብሽ» ብላ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ያለ ኢቃማ ጅዳ መንገድ ላይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የኖረ ሰው ያውቀዋል።

አንድ ቀን እናቷ የታመመችባት ልጅ ስታለቅስ አላስችል ብሎኝ ስልኳን ሰጠኋት። ሩቂያ ደረሰች። ልጅቷን አልነካቻትም። ስልኩን ከእጇ ወሰደችና በጠርዙ አፌን መታችኝ። ሁለት የፊት ጥርሴ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ደሜን በሶፍት እየጠረገች፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይቺ የእርጅና ናት» አለችኝ። እስከ ዛሬ ጥርስሽን ምን ሆንሽ ሲሉኝ እርጅና ነው እላለሁ። እሷ ያወጣችለት ስም ነው፤ አልለቀኝም።

ብርቱካን የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የደጀን ልጅ ናት። ፓስፖርቷ ላይ ሐያት ይላል፤ የላኳት ሰዎች የሙስሊም ስም አውጥተውላት ነው። ማዕተቧን በመሐረብ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ትይዘው ነበር። በጣም ረጅም ናት። «እዚህ አገር የራሴ የሆነ የቀረኝ ቁመቴ ብቻ ነው፣ እትዬ ዘሀራ» ትለኝ ነበር። መታጠቢያ ቤት ስትገባ ጎንበስ ትላለች፤ ልጆቹ «ሚናሬት» ይሏታል።

አንድ ጠዋት ሩቂያ አዲስ ሥራ አሰማች። «ሳፋ ሰፈር፣ ንጹሕ ቤት። የእናት ጓደኛ ትፈለጋለች። ሥራው አብሮ መቀመጥ፣ ማጫወት፣ ሻይ ማቅረብ ነው። ሳቂታ ብትሆን ይመረጣል።»

ብርቱካን እጇን አወጣች። «ሐጃ፣ ሳቂታ ካሉ እኔ ነኝ። እናቴንም ትቼ ነው የመጣሁት፤ እጫወታለሁ።»

ሁለት ሳምንት አልሞላትም፤ በቀትር በታክሲ ተመለሰች። ጫማ የላትም፤ በካልሲ ነው። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ወደማይታጠፉበት ታጥፈዋል። የጆሮዋ ጫፍ ተተልትሎ ጉትቻው የለም። በሩን ከፍቼ አስገባኋት። ስልኳን ልቀበል እጄን ስዘረጋ «እሱንም ሰብሮታል» አለችኝ።

ነገሩን የነገረችኝ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነው። አሮጊቷ ግዙፍ ናት፤ አእምሮዋ ሄዷል። ሲያጥቧት ትናከሳለች፣ በምርኩዟ ትመታለች፤ ጉትቻውን የበጠሰችው እሷ ናት። ከብርቱካን በፊት የነበሩት ሠራተኞች ሁሉ ሸሽተዋል። አሮጊቷ በጮኸች ቁጥር ደግሞ ልጇ፣ የቤቱ ጌታ፣ ከፎቅ ይወርዳል። እናቱን ያስለቀሰ ሰው ይቀጣል።

«ሴትዮዋስ አእምሮ የላትም፤ ታገሥኳት» አለችኝ። «ልጇ ግን አለው።» ጣቶቿን በር መቃን ላይ አስይዞ በሩን የዘጋው እሱ ነው።

ሩቂያ ከታች ሱቅ የአይስክሬም እንጨት አምጥታ ጣቶቿን አቀናችላት። ልጅቷ እንዳትጮኽ ፎጣ አስነከሰቻት። ፋሻውን አሥራ ስትጨርስ «ይቺ የበር ናት» አለች። ለአንድ ጊዜ እውነቷን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰውየው ደወለ። ያቺን ረጅሟን መልሺልኝ፣ እናቴ ለምዳታለች፤ ካልሆነ ያን ቤትሽን ለፖሊስ እጠቁማለሁ አላት። ሩቂያ ስልኩን ዘጋች። መስታወቱን ወለወለች። ከንፈሯን አረሰች። ከዚያ ወደ ገበያ ወርዳ ነጭ ጋውን ገዝታ መጣች፤ የሐኪም ቤት ጋውን፣ ከነኪሱ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት። «አሁን የግል ነርስ ነሽ።»

ብርቱካን ጋውኑን አየችው። «ቤቱ ያው ነው?»

«ነርስን ማን ይመታል?»

«ነርስ መሆኔን በምን ያውቃል፣ ሐጃ?»

«በጋውኑ።»

ብርቱካን መሳቅ ጀምራ ተወችው። «አልሄድም» አለች።

«ከዐስር በኋላ ሾፌር ይመጣል» ብላ ሩቂያ ወጣች። እንደ ልማዷ ከውጭ «ዘሀራ» ብላ ጠራችኝ፤ እኔም ከውስጥ ቆለፍኩ።

በሩ አጠገብ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ብርቱካን መጣች። አልቆመችም፤ እኩል እንድንሆን ተንበረከከች።

«እትዬ ዘሀራ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«በዚህ እጅሽ የት ትሄጃለሽ?»

«ቆንስላው ጋ። መንገድ ላይ። የትም። እዚያ ቤት ከተመለስኩ ግን በእግሬ አልወጣም።»

«ኢቃማዬ እሷ ጋ ነው፣ ልጄ።»

«ልጄ ካሉኝ ይስጡኝ።»

ቁልፉን ከልብሴ ውስጥ አወጣሁት። ይህን ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። አውጥቼው፣ በእጄ ይዤው ነበር፤ ሞቅ ብሏል። ከዚያ ወደ ልብሴ መለስኩት። ብርቱካን ተነሥታ ጎንበስ ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ በሩን በጀርባዋ ደገፈችው።

ሩቂያ ከሾፌሩ ጋር መጣች። ሾፌሩ በትከሻው ሁለት ጊዜ ገጭቶ በሩን ከፈተው። ሩቂያ ፀጉሯን ጨብጣ ወደ ሳሎኑ ጎተተቻት። ብርቱካን ክንዷን ነከሰቻት፤ ዝም ብላ ነክሳ ያዘች፤ ሥጋው ሲቀደድ ሰምቻለሁ። ሩቂያ በሌላ እጇ ካውያውን ከጠረጴዛው አንሥታ ትከሻዋን መታቻት። አለቀቀችም። ጉልበቷን መታቻት። ያኔ ለቀቀች፤ ግን አልወደቀችም። አፏ በደም ቀልቶ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ሾፌሩ እንኳ ፈርቶ ወደ ኋላ አለ። ሌሎቹ ልጆች ፊታቸውን ሸፍነው ያለቅሳሉ።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ዘሀራ?» አለች ሩቂያ፣ ያው በማይለወጠው ድምፅዋ። «ያዣት እንጂ።»

ያዝኳት። ሁለቱን እጇን ወደ ኋላ ያዝኩ፤ የታሠሩትንም ጣቶች ጨምሬ። በዚያ ቤት ሰው ላይ እጄን ያሳረፍኩት አንድ ቀን ነው፤ ያ ቀን ነው። ልትወረውረኝ ትችል ነበር። ዘወር ብላ ማን እንደያዛት ስታይ ግን እጇ ላላ። ጋውኑን አለበስናት። አዝራሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ።

በአራተኛው ቀን ከሳፋው ቤት ፎቅ መስኮት ወደቀች። ወደቀች የሚለው የሩቂያ ቃል ነው። ጎረቤት የምትሠራ የእኛ ልጅ ግን ስትዘል አይታታለች። ነጩን ጋውን እንደለበሰች የግቢው ንጣፍ ላይ አረፈች። አልሞተችም። ከወገቧ በታች ያለው ሞተ። ሆስፒታል ቆይታ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ አገሯ ላኳት። አልጠየቅኋትም። ኢቃማዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ሩቂያ ወር ሙሉ ክንዷን በፋሻ ጠቅልላ ዞረች። ምን ሆንሽ ሲሏት «ድመት ናት» ትላለች።

ብዙም ሳይቆይ ፍተሻ ሲበዛ ቤቱን ዘጋችው። ኢቃማዬን መለሰችልኝ፤ ግንባሬን ስማ «የቤቴ እናት ነሽ፣ አልረሳሽም» አለችኝ። እሷ መካ፣ ልጇ ሐናን ጋ ገባች። እኔም ሌላ የማውቀው ሰው ስላልነበረኝ ነካሳ መጣሁ። የዑምራ እንግዶች በሚያርፉበት ቤት አንሶላ አጥባለሁ። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ አንሶላ አጣቢ ነኝ እላለሁ፤ ሌላ ስም አልሰጠሁትም። እሷን አንዳንዴ ወደ ሐረም ስትሄድ አያት ነበር። መቁጠሪያ ይዛ፣ ለመንገደኛ ተምር እያደለች። ሰላም ትለኛለች። እኔም ሰላም እላታለሁ፣ አፌን ሳልከፍት።

ለቅሶዋ አልሄድኩም። በሦስተኛው ቀን ሐናን ራሷ ዳገቱን ወጥታ መጣች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው፤ አክስቴ ለማለት ኻላ ትለኛለች። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ፣ ሟቹ የበደለው ሰው ካለ እየዞረ «አውፍ በሉት» ብሎ ይለምናል። ሐቁን ይቅር ያላለ ሰው ካለ ሟቹ በቀብሩ ይያዛል። ለዚህ ነው የመጣችው።

«ኻላ ዘሀራ፣ እማዬን አውፍ በያት» አለችኝ። «ወላሂ ሁልጊዜ ታነሳሽ ነበር። 'የቤቴ እናት' እያለች።»

«ሬሳዋን ሲያጥቡ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ክንዷን አየሽው?»

«አዪዋ፣ አየሁት። የድመት ጠባሳ።»

«ድመት አይደለችም» አልኩና ነገርኳት። የጋውኑን፣ የካውያውን፣ የመስኮቱን። ማን እጇን እንደያዘ አልነገርኳትም። ሐናን «ኸላስ፣ ኻላ፣ ኸላስ፣ ይበቃል» እያለች ጆሮዋን ያዘች። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ጥርሴንም አሳየኋት።

«የኔን እኔ አውቃለሁ» አልኳት። «ግን ከኔ የሚበልጥ ሐቅ ያላት አለች። እሷ አውፍ ካለች እኔም እላለሁ።»

የብርቱካንን ቁጥር ከቀድሞ ልጆች አንዷ ሰጥታኝ ከያዝኩት ሁለት ዓመት አልፏል። አንድም ቀን አልደወልኩም። አውፍ እንደማትል ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ሩቂያ በቀብሯ እንደተያዘች የትም እንዳትሄድብኝ ፈልጌ ነው ቁጥሩን ያወጣሁት።

ሐናን በእኔ ስልክ እዚያው ደወለች፤ ድምፁን ከፈተችው። ብዙ ጠራ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ምንም አልተለወጠም።

«አቤት? ማን ልበል?»

ሐናን አማርኛው ጠፋባት። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋችው። የቤቱ እናት ነኝ ልል ነበር፤ እነዚያ ልጆች ሁሉ የሚያውቁኝ በሱ ነው። አፌ ውስጥ ነበር።

«ዘሀራ ነኝ» አልኩ። «ሸረፊያ በሩን እቆልፍ የነበርኩት።»

ከወዲያ በኩል ሩቅ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል፤ አንዲት ሴት ዶሮ ታባርራለች። 

«አወቅሁዎት» አለች።

ሩቂያ መሞቷን ነገርኳት። ልጇ አጠገቤ ተቀምጣ ይቅርታ እየለመነች መሆኑን ነገርኳት። 

«ሞተች?» አለች ብርቱካን።  «እሷስ ሞታለች፤ ከሙት ጋር ምን አለኝ። ይቅር ብያታለሁ፤ ነፍሷን ይማር በሏት ለልጇ።» ከዚያ ድምፅዋን ወደ ስልኩ አቀረበችው። «እርስዎ ግን፣ እትዬ ዘሀራ፣ አሉ አይደል?»

«አለሁ» አልኩ።

«ይኑሩ» አለች። ዘጋችው።

ሐናን ፊቷን በሒጃቧ ጠረገች። «አልሐምዱ ሊላህ፣ አውፍ አለቻት። አንቺም ብለሻል ማለት ነው፣ ኻላ። ቃልሽ ነው።»

«ብያለሁ» አልኳት።

ግንባሬን ስማኝ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ሰማኋት፤ ሸክም ያራገፈ ሰው አረማመድ ነው። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ፤ ቆለፍኩት።